ብልህ ከተማ ወይስ ብልጥ ከተማ?

ባዕድ ቃል ወደ አንድ ቋንቋ በሚገባበት ጊዜ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የላኪውንም ፍላጎት አዝሎ ይገባል። ዛሬ በእኛም መሥሪያ ቤቶች የሚሰማውን «ስማርት ሲቲ» የተባለ ስያሜ ወደ አማርኛ ለመመለስ በሞከርሁ ቁጥር የሚያስቸግረኝ የአቻ ቃል እጥረት አይደለም፤ ብዛቱ ነው። «ብልህ» እንዳልለው፣ ብልህነት ከዕድሜና ከመከራ የሚገኝ የሰው ጠባይ ነውና ለሽቦና ለካሜራ ለመስጠት ብዕሬ ያመነታል። «ብልጥ» እንዳልለው ደግሞ ነዋሪውን አታልሎ የራሱን ጥቅም የሚያካብት ከተማ ይመጣብኛል። በዓለም ላይ በዚህ አሳብ ዙሪያ የሚካሄደው ክርክር ሲመረመር ግን ያው የሁለቱ ቃላት ክርክር ሆኖ ይገኛል።

ስያሜው በሰፊው ሕዝብ አፍ አልተስፋፋም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለምን ብልህ አደርጋለሁ የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ በ2011 «ይበልጥ ብልህ ከተሞች» የሚለውን ሐረግ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ቃልን እንደ ሳሙና ስም ማስመዝገብ! ህንድ በ2015 100 ከተሞችን በዚሁ ስም ለመለወጥ ስትነሣ አሳቡ የመንግሥታትም ቋንቋ ሆኖ ነበር። በዚህ ቋንቋ ከተማዋ በሽተኛ፣ ኩባንያው ሐኪም፣ ነዋሪው ደግሞ የትኩሳት መለኪያ ነው።

መሣሪያውን በጅምላ መኮነን ግን የዋህነት ነው። ሪዮ ዲ ጃኔሮ በ2010 ኤፕሪል በደረሰባት የጎርፍና የመሬት መንሸራተት አደጋ ብዙ ሕዝብ ካለቀባት በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአየሩን ጠባይና የመንገዱን ሁኔታ በአንድ ግድግዳ ሙሉ መስኮተ ትርኢት የሚከታተል ማዕከል አቋቋመች። ከ2011 ጀምሮ በኮረብታዎቹ የድኾች መንደሮች የተተከሉት የማስጠንቀቂያ ጡሩምባዎች የመሬት መንሸራተት ሲያሰጋ ይጮኻሉ። ይህን ድኻው አይጠላውም። («ከተማ» የሚለው ቃላችን በጥንቱ አነጋገር የንጉሥና የሠራዊቱ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም ዙሪያውን ለማየት የሚያመች ከፍታ መሆኑን ልብ ላለ ሰው፣ ሁሉን ከአንድ ቦታ የሚያየው አዳራሽ እንግዳ አይሆንበትም።)

ክርክሩ አፍ አውጥቶ የተናገረው በካናዳ፣ በቶሮንቶ ነው። በ2017 ኦክቶበር የጉግል እኅት ኩባንያ የሆነው ሳይድዎክ ላብስ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ ኪይሳይድ በምትባል 12 ኤከር ቦታ ላይ አርአያ የሚሆን ሰፈር እንዲያቅድ ተመረጠ። ከእንጨት የሚሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ በረዶ የሚያቀልጡ የእግር መንገዶች ታቀዱ። ሥዕሉ በእውነቱ ያማረ ነበር። እንዲህ ያሉ የዕቅድ ሥዕሎችን ስመለከት አንድ ነገር ይጎድልብኛል፤ ሰዉ ቡና ይጠጣል፣ ብስክሌት ይነዳል፤ የሚጠርግ፣ የሚሸከም፣ ጉሊት የሚቸረችር ግን አይሣልም። ሠዓሊዎቻችን ይህን ቢያጤኑት እወዳለሁ።

የቶሮንቶ ነዋሪ የጠየቀው ስለ ውበቱ አልነበረም፤ በአደባባይ ስመላለስ የሚቀዳብኝ መረጃ የማን ንብረት ነው አለ። የኩባንያው አማካሪ የነበሩት የቀድሞዋ የኦንታሪዮ የግል ምስጢር ጥበቃ ኮሚሽነር አን ካቩኪያን፣ መረጃው ገና ሲሰበሰብ የሰው ማንነት እንዲፋቅበት ያቀረቡት ጥያቄ ሁሉንም ወገን የሚያስገድድ ዋስትና ስላጣ በ2018 ሥራቸውን ለቀቁ። በ2019 ነዋሪዎች ተደራጅተው ተቃወሙ፤ የካናዳ የሲቪል ነጻነቶች ማኅበርም ክስ መሠረተ። በ2020 ሜይ ኩባንያው ዕቅዱን ሲተው ምክንያቴ የኢኮኖሚው አለመረጋጋት ነው አለ። ይሁን፤ የተደራጀ ጥያቄም ግን ሒሳብ ያስወድዳል።

ጥያቄው ከኩባንያዎቹ ዘመቻ የቀደመ ነው። ከ1971 እስከ 1973 በሳልቫዶር አየንዴ የምትመራው ቺሊ ብሪታንያዊውን የሳይበርኔቲክስ ሊቅ ስታፎርድ ቢርን ጋብዛ፣ የሕዝብ ንብረት የሆኑትን ፋብሪካዎች በቴሌክስ ከአንድ ማዕከል ጋር ማገናኘት ጀምራ ነበር። ሳይበርሲን የተባለው ይህ ሥራ የኢንዱስትሪ እንጂ የከተማ ባይሆንም አሳቡ አንድ ነው። በ1972 ኦክቶበር የከባድ መኪና ባለንብረቶች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ቴሌክሱ የቀሩትን መኪናዎች ለማሰማራት ረድቷል። ቢር እንደ ተረከው፣ የአሠራሩን ንድፍ ከታች ወደ ላይ ለፕሬዚዳንቱ ሲያስረዳ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቦታ የእርስዎ ነው ሊላቸው ሲያስብ አየንዴ ቀድመው የሕዝቡ ነው አሉ። ሕዝቡ ከቤቱ ሆኖ ደስታውንና ቅሬታውን እንዲያሳውቅበት ቢር ያለመው መሣሪያ ግን ከሙከራ አላለፈም፤ በ1973 ሴፕቴምበር መፈንቅለ መንግሥት መጣና የሳይበርሲን አዳራሽ ፈረሰ።