አስታማሚም ጠጋኝም ስለ መሆን

ሕመምተኛ በቤት ሲተኛ ሌላው ሥራ ሁሉ ስለ እርሱ ሲል ቆሞ ይጠብቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ አስታሞ የማያውቅ ሰው ነው። እንጀራው ይጋገራል፥ ልጆቹ ይማራሉ፥ ጠያቂው ይመጣል፤ ዕቃውም ቢሆን ቀን መርጦ አይበላሽም። በእኛ ቤት ባለፈው ወር ባለቤታችን የእንቅርት ኦፐራሲዮን በተደረገላት ሳምንት የኦቶሞቢላችን ፍሬን ይጮህ ጀመር። ሁለቱን ሥራ እንዴት እንዳስማማናቸው ብንጽፍ፥ እንደዚህ ያለ ሳምንት የሚያጋጥመው አንባቢ አንዳንድ የሚጠቅም ነገር ያገኝበት ይሆናል።

እንቅርት በደጋው አገራችን የቆየ ሕመም ነው። አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው በእርሱ ላይ የሚበቅለውም እህል ያንሰዋል፤ በአንገት ላይ ያለው ዕጢም ያጣውን ለማግኘት ሲታገል ያብጣል። ባለቤታችን ከልጅነቷ የጀመራትን እብጠት በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች ብዙ ዘመን ኖራለች። በመጨረሻ ግን የአየር ቧንቧዋን እየተጫነ ተኝታ መተንፈስ ስላስቸገራት ሐኪሞቹ ዕጢውን በሙሉ አወጡላት። ይህ ሥራ ዛሬ የተለመደ ይሁን እንጂ ቀድሞ እጅግ የሚያስፈራ ነበር፤ ቴዎዶር ኮኸር የተባለው የስዊስ ሐኪም ስለዚህ ዕጢ ተግባር፥ ሕመምና ቀዶ ሕክምና በደከመው ድካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ይኸው ሰው በ1883 ዕጢያቸው በሙሉ የወጣላቸው በሽተኞች ከጊዜ በኋላ አካላቸውም አእምሯቸውም ሲደክም ማየቱን ገልጦ ነበር። ባለቤታችን አሁን በየጠዋቱ የምትውጠው ትንሽ ክኒን ያንን የጎደለውን የሚተካ ነው።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ የተሰጠን ማስጠንቀቂያ አጭር ነበር። አንገቷ ቢያብጥ ወይም መተንፈስ ቢያስቸግራት ሌሊትም ቢሆን በፍጥነት እንድናመጣት፤ የጣቶቿ ጫፍና የከንፈሯ ዙሪያ ቢወራት ደግሞ እንዳንዘገይ ነው። ይኸውም ከዕጢው ጀርባ እንደ ምስር ፍሬ ያነሱ፥ ብዙውን ጊዜ በቁጥር 4 የሆኑ ሌሎች ዕጢዎች ስላሉ ነው። የደምን ካልሲየም የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ጥቂት የተነኩ እንደ ሆነ ለጊዜው ሥራቸውን ያቆማሉ።

እንግዲህ ቤታችን በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ስለ ሆነ፥ ወደ ሐኪም መሄድ ማለት ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል መውረድ ማለት ነው። በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ ሲያፏጭ፥ ሸራው ማለቁን እንዲያሳውቅ የተሠራለት ትንሽ ብረት ዲስኩን እየፋቀ መሆኑን ዐወቅን። አንድ ጋራዥ ኦቶሞቢሉን ለ4 ቀን እንድንተውለት ጠየቀን። የጋራዡ ሰዎች ሥራ በዝቶባቸው ነውና አንወቅሳቸውም፤ ነገር ግን አንገቷ ላይ ትኩስ ስፌት ያለባት ሰው በቤት ተኝታ ሳለ 4 ሌሊት ያለ ኦቶሞቢል ማደር የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ አዲሱን ሸራ ከመርካቶ ከሶማሌ ተራ ገዝተን፥ ከአባታችን የተማርነውን ሥራ በግቢያችን ለመሥራት ቆረጥን።

ሰዓቱን የሚወስንልን ኦቶሞቢሉ ሳይሆን መድኃኒቱ ነበር። የጠዋቱ ክኒን በባዶ ሆድ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ይዋጣል። ቡና ኃይሉን ስለሚቀንስበት እስከ 1 ሰዓት ድረስ መጠበቅ ግድ ነው፤ ይህም ከሕመሙ ይልቅ ባለቤታችንን አስመርሯታል። ካልሲየሙ ደግሞ ከዚያ ክኒን 4 ሰዓት መራቅ ስለሚገባው የመጀመሪያው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ነው። እንግዲህ አጥሚቱ ከተጠጣ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የእኛ ነበረ። ድምጿ ሰልሎ ስለ ነበር ስትፈልገን በማንኪያ ብርጭቆውን ትመታለች፤ እኛም ይህ እንዲሰማን ሞተሩን ሳናስነሣ፥ ራዲዮም ሳንከፍት እንሠራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የፊቱን ሸራ ለወጥን። በአንድ እግር ያለውን ለውጦ የሌላውን ለነገ ማሳደር አይገባም፤ ፍሬን ሲያዝ ኦቶሞቢሉ ወደ አንድ ወገን ይስባልና። ሁለቱን ጎማ በአንድ ጊዜ መፍታትም ለእኛ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስገብተን፥ በክሪክ አንሥተን፥ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና በብረት መደገፊያ አስደግፈን፥ አንዱን ጎማ ፈትተን ሠርተን ገጥመን ከጨረስን በኋላ ወደ ሌላው አለፍን። በየትኛውም ደቂቃ ማንኪያው ቢያቃጭል፥ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለመንገድ ልናደርሰው እንችል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል።

አማታችን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱን ነበር። እጃችንን በላምባ አጽድተን ስንገባ በሩ ላይ አስቆሙንና፥ «ልጄ፥ ይህን ሽታ ይዘህ አጠገቧ እንዳትደርስ፤ ካሳላት ስፌቱን ያማታል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥበን ልብስ ሳንለውጥ ወደ መኝታ ቤቱ ገብተን አናውቅም።

በዚያው ሌሊት ከ7 ሰዓት በኋላ ማንኪያው ተሰማ። ባለቤታችን ጣቶቿን እያሳየች፥ «ወረረኝ፤ ከንፈሬንም» አለችን። ካልሲየሙን ሰጥተን ለሐኪሙ ስልክ ብንደውል ቶሎ እንድናመጣት አዘዘ። ሸራው አዲስ ቢሆንም የፍሬኑ ዘይት ገና አሮጌ ነበር። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ነው፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ሳይፈላ ሲችል፥ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። በቁልቁለት ፍሬን እየያዙ ቢወርዱ ይግላል፥ ዘይቱም ፈልቶ አረፋ ሲያወጣ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ስለዚህ በከባዱ ማርሽ፥ ሞተሩ እንዲይዘው እያደረግን ቀስ ብለን ወረድን። አማታችን ከኋላ ወንበር የልጃቸውን እጅ ይዘው አንድ ቃል ሳይናገሩ ደረሱ። ደሟ ተመርምሮ ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ እያለ ተሰጣት፤ ሲነጋም ጣቶቿ ረግተው ወደ ቤት ተመለስን።

ዘይቱን መለወጥ የቻልነው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፥ ሌላው በጎማው በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን ከፍቶ አሮጌውን ዘይትና አየሩን ያስወጣል። ብሎኑ ሳይዘጋ እግር የተነሣ እንደ ሆነ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሌላ ጊዜ የሚረግጡልን የባለቤታችን እግሮች ነበሩ፤ «ያዝሁ» ስትል እንከፍታለን፥ «ዘጋሁ» ስንል ትለቃለች። በዚያ ቀን የጎረቤት ልጅ ተተካ። ልጁ ትጉህ ነው፤ ነገር ግን ከቃሉ በፊት እግሩ ስለሚቸኩል አንዱን ጎማ 3 ጊዜ ደገምነው። ባለቤታችን በመስኮት እያየች ሳቀች፤ ስትስቅም አንገቷን በእጇ ደገፈች።

በ10ኛው ቀን ለምርመራ ወረድን። ፍሬኑ ዝም ብሏል። የደሟ ካልሲየም ደኅና ስለ ተገኘ ሐኪሙ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰላት፤ ድምጿ ግን ቀስ ብሎ እንደሚመለስ ነገራት። የኋላው ፍሬን ገና አልታየም። እርሱን ስንፈታ የጎረቤቱን ልጅ እንዳንጠራ፥ ፔዳሉን ራሷ እንደምትረግጥ፥ «ያዝሁ» ለማለትም ያለው ድምጽ እንደሚበቃት ከአሁኑ አስታውቃናለች።