የጣት ልክ

በእኛ አገር በጠመንጃ ይፎከራል፤ ጠመንጃውን የሚጠግነው እጅ ግን ይታማል። አንኮበርን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ውል የተዋዋለው እንግሊዛዊው ሃሪስ ካመጣላቸው ገጸ በረከት መካከል 300 ጠመንጃ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ 2 ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አንኮበር ደርሷል። ይህን ሁሉ ብረት እየፈታ እየገጠመ ያኖረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ባለእጁ ነዋ! "ቡዳ ነው" እየተባለ ከገበታ የሚገለለው ባለእጅ።

አያቴም ከሚያገልሉት አንዱ ነበሩ፤ አልደብቅም። በጠላት ወረራ ጊዜ በራስ አበበ አረጋይ ሥር የተዋጉ የደብረ ብርሃን ዙሪያ አርበኛ ናቸው። ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኩት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበራቸው፤ ጣሊያኖቹ ቦዴዮ የሚሉት ዓይነት።

በ1985 ዓ.ም. አንድ የዱር ጓዳቸው ሞተ። በቀብሩ ላይ ፎክረው ፎክረው ሽጉጡን ወደ ሰማይ አነሡ። ምላጩ አልሳብ አለ። ጣታቸውን ቁርጥማት አድርቆታል። በሁለት እጃቸው ሞከሩ፤ አሁንም እንቢ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ይሄኔ አንድ ጎረምሳ ከኋላቸው በራሱ ጠመንጃ ተኮሰላቸው። ልጁ ደግ ያደረገ መስሎታል፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር መነጋገር ተዉ።

ሳምንት ሳይሞላ "ተነሥ፣ አንኮበር እንሂድ" አሉኝ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎረቤላ አጠገብ አንድ ባለእጅ ቤት ደረስን። ሰውዬው ሽጉጡን ፈታትቶ አየና፣

"ባላምባራስ፣ ይህ ምላጭ አንዴ ሲሳብ ሦስት ሥራ ይሠራል" አለ። "ጥይት ያዡን ክብ ያዞራል፤ መምቻውን ወደ ኋላ ያነሣል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ቢከብድ አይፍረዱበት።"

ኋላ እንዳነበብኩት እንዲህ ያለው ምላጭ 5 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። መምቻው አስቀድሞ በአውራ ጣት ከተሳበ ግን የሚቀረው መልቀቅ ብቻ ስለሆነ ሲሶው ይበቃል።

"እንግዲያው ሞላውን አሳሳው" አሉ አያቴ።

"ሞላው ከሳሳ መምቻው የጥይቱን ቂጥ አጥብቆ አይመታም፤ ይከሽፋል። ምላጩ ከልክ በላይ ከቀለለም ሳያስቡት ይተኩሳል። በቀብር ላይ፣ ሰው ከቦዎት!"

ዝም አሉ። ሰውዬው ከኪሱ አንድ ቀለህ አወጣ። ነሐሱን ቀጥቅጦ ምላጩን የሚያለብስ ሰፊ ሽፋን ሊሠራለት ነው፤ ክብደቱን ባይቀንስም ቀጭኑ ብረት ጣት እንዳይቆርጥ። በመምቻው ጫፍ ላይም አውራ ጣት የሚያርፍባት ሰፊ ምላስ በብሎን ሊያስር።

"ልኩን እንዳውቅ እጅዎን ይስጡኝ" አለ።

አያቴ ከባለእጅ ጋር ተጨባብጠው አያውቁም። ገንዘብ እንኳ ሲከፍሉ መሬት ላይ ያስቀምጡ ነበር። እጃቸው ከጋቢው ሥር ቆየ። ከዚያ ወጣ። ሰውዬው የጎበጠውን ጣት በሁለት ጣቶቹ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ አጠፈው፤ ዘረጋው። "እስከዚህ ያምዎታል?" አላቸው። "ያመኛል" አሉ። ያማቸዋል ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራው እስኪያልቅ ሚስቱ ጠላ በጣሳ አቀረበች። አያቴ ጣሳውን ትንሽ አዩት። ከዚያ ጠጡ። ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ ጠላው አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዓመቱ ሌላ ጓዳቸው ሲቀበር መምቻውን በግራ መዳፋቸው ስበው፣ ነሐሱን ተጭነው ተኮሱ። አልከሸፈም። በ1988 ዓ.ም. እሳቸውም አረፉ፤ ባለእጁ ቀብራቸው ላይ ከሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ሄጄ ቀረብ እንዲል መጥራት ሲገባኝ አልጠራሁትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽጉጡን ቤተሰቡ ለመንግሥት አስረክቧል። ነሐሷን ግን አስቀርቻት ጠረጴዛዬ ላይ ትኖራለች፤ መሐሏ እንደ አያቴ ጣት ጎበጥ ያለ ነው። ሰሞኑን ማለዳ ማለዳ የእኔም ጣቶች አልታጠፍ ይሉኛል።