ሳም፣ የዚያች ምሽት ነገር

ወንድሜ ሳም ላንግፎርድ፣ የምናፍቀው ከቶ ያልሆነውን ነው። አይቼው ያለፈ ቢሆን በትዝታው በተጽናናሁ፤ ያንተ ግን ቀኑም አልተቆረጠ፣ ትኬቱም አልተሸጠ። ለዓለም የከባድ ሚዛን የቡጢ ቀበቶ ወደ መድረክ የምትወጣባትን አንዲት ምሽት ነው የምናፍቀው። እሷን ነፈጉህ።

ከኖቫ ስኮሺያ፣ ከዌይማውዝ ፎልስ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ከሰፈሩባት መንደር የአባትህን ዱላ ሸሽተህ ወጣህ። ቦስተን ስትደርስ የራበህ ልጅ ነበርህ። ያነሳህ ጆ ውድማን የሚሉት ባለ መድኃኒት ቤት ነው፤ የቡጢ ግጥሚያም ያዘጋጅ ነበር። ቁመትህ አጭር፣ ክንድህ ረጅም። ቀላል ሚዛኑን ገጠምህ፣ መካከለኛውን ገጠምህ፣ ከባዱንም ገጠምህ። ከዚያ በላይ የቀረው ዘውዱ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለጥቁር አልተቀመጠም።

ጆን ሱሊቫን ሻምፒዮን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ጥቁር አልገጥምም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጥቁሩ ቡጢኛ ፒተር ጃክሰን በር ሲያንኳኳ ዕድሜው አለቀ። ጄፍሪስም ቀበቶውን ከታጠቀ ወዲያ ያንኑ ያዘ። ይህን ፍርሃት ያለው አልነበረም፤ ክብር ነበር የሚሉት።

የእኔን አንጀት የሚያሳርረው ግን ሱሊቫን አይደለም። ጃክ ጆንሰን ነው። በ1906 ሚያዝያ፣ ማሳቹሴትስ ቼልሲ ላይ 15 ዙር ገጥሞ አሸነፈህ። ይሁን፣ በክብደት እጅግ ይበልጥህ ነበር። በ1908 ግን፣ በፈረንጆቹ የገና ማግስት፣ ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን ደብድቦ ቀበቶውን ሲወስድ፣ ጥቁር ሁሉ እልል አለ። የኛ ሰው ገባ፣ በሩ ተከፈተ ተባለ። እሱ ግን ገብቶ ከውስጥ ቀረቀረው፤ ለቀበቶው አንድም ቀን አልገጠመህም። ሁለት ጥቁሮች ቢጋጠሙ አዳራሹ አይሞላም የሚል ሒሳብ ነበረ። ሒሳቡ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ትኬት የሚገዛው ነጭ፣ ሊያይ የሚመጣውም ጥቁር በነጭ ሲዘረር ነው። ታዲያ በ1913 ፓሪስ ላይ ባትሊንግ ጂም ጆንሰንን ለቀበቶው ሲገጥም እሱስ ጥቁር አልነበረም? ያንተ ስም ግን አልተጠራም።

እናም እናንተው እርስ በርሳችሁ ተፋጃችሁ። አንተ፣ ሃሪ ዊልስ፣ ጆ ጃኔት፣ ሳም ማክቬይ፤ በአንድ ጠባብ በረት እንደተዘጉ ኮርማዎች። ያንኑ ሰው ከአሥር ጊዜ በላይ። ዛሬ ትመታዋለህ፣ ሰንብቶ ይመታሃል፣ ደሙን ጠርጋችሁ ደግሞ ትቀጣጠራላችሁ፤ ሌላ ማን ይገጥማችኋል? ለናንተም «የጥቁሮች ሻምፒዮና» የሚባል ነገር ተቆረጠላችሁ፤ ከማዕዱ ላነሱት ሰው ጓዳ ውስጥ እንደሚሰጥ ፍርፋሪ አላልሁትም፣ ግን ያው ነው።

በ1917 ቦስተን ላይ ከፍሬድ ፉልተን ጋር ስትፋለም የግራ ዓይንህ ጠፋ። ሌላውም መደብዘዝ ያዘ። ጓንቱን ግን አላወለቅህም፤ ምን ትበላለህ? በ1923 ሜክሲኮ ላይ የሚገጥምህን ሰው ከዓይንህ ይልቅ በእጅህ እየፈለግህ አሸነፍህ። ያኔ ዘውዱ የጃክ ደምፕሲ ነበር። እሱም ላንግፎርድን እፈራው ነበር ብሎ ጻፈ፤ የጻፈው ግን ጓንቱ ከተሰቀለ ከስንት ዘመን በኋላ!

በ1944 አል ሌኒ የሚባል ጋዜጠኛ ሃርለም ውስጥ ሲያፈላልግህ፣ ሞቷል ያሉት ነበሩ። ዓይንህ ጠፍቶ፣ ኪስህ ባዶ ሆኖ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘህ። ጽሑፉ ወጣ፣ ገንዘብ ተዋጣልህ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አልነቅፋቸውም። ግን ያዋጡት ለቀለብ ነው፤ ለዚያች ምሽት ማን ያዋጣል?

በ1956 ጥር፣ ካምብሪጅ ላይ አረፍህ። ያዩህ ሁሉ ይስቅ ነበር ይላሉ፤ በማንም ላይ ቂም አልያዘም ይላሉ። እሺ ሳም፣ አንተ ጆንሰንን ማርለት። እኔ ገና አልማርኩትም።