ጎታታው ምን አጠራቀመ?

ዛሬ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

12ኛን ጨርሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ስቀመጥ የሰፈር ሰው «ጎታታው» ይለኝ ነበር። ቀኑ የሚመሸው ከታናሽ ወንድሜ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን የወጣውን «ፖኬሞን ጎልድ» ስንጫወት ነው።

የእኔ ምርጫ ስኖርላክስ ነው። 460 ኪሎ የሚመዝን ሆዳም! የፍጥነት ነጥቡ 30፣ የጤናው ግን 160። «ከርስ» የሚባል ስልት አለው፤ ሆድ ማለት አይደለም፣ በፈረንጅ አፍ እርግማን ነው። ፍጥነቱን ቀንሶ ጥቃቱንና መከላከያውን ይጨምርለታል። ሲጎዳ ደግሞ «ሬስት» አለለት፤ ጤናው ሙሉ ይሆናል፣ ሁለት ተራ ግን ይተኛል።

አንድ ማታ «እኔም እንደ እሱ ነኝ፤ ቀስ ብዬ አሸንፋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ወንድሜ ሳቀብኝ።

«እሱ እኮ ጉልበት አጠራቅሞ ነው የሚተኛው። አንተ ምን አጠራቅመህ ተኛህ?»

አቤት ያቺ ቃል! ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳችኝ። በማግስቱ ደብተር ገዝቼ በቀን አንድ ገጽ መጻፍ ጀመርኩ። ይኸው ዛሬ ታነቡኛላችሁ።

ወገኖቼ፣ መዘግየት አያሳፍርም። ሳያጠራቅሙ መተኛት ነው ጉዱ! እናንተስ… ስንት «ከርስ» አላችሁ?