አያት፣ አባት፣ እኔ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ለማስተማር ልምምድ አራት ሆነን በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ስለ ልምምድ በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ጠመኔው እንዴት እንዳለቀ፣ ገምጋሚው መምህር ሳናያቸው ከኋላ ወንበር እንዴት እንደተቀመጡ አንደግመውም። የምናወራው ስለ አንዲት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስት መስመር እንዲጽፉ አዘዝን። አንደኛው ስለ አያት፣ ሁለተኛው ስለ አባት ወይም ስለ እናት፣ ሦስተኛው ስለ ራሳቸው፤ እነዚያ ምን ሠርተው እንደኖሩ፣ እነሱ ደግሞ ምን መሆን እንደሚፈልጉ። በሰሌዳው ላይ «አያት» ብለን ስንጽፍ አንዱ ቀልደኛ «ቲቸር፣ ታክሲ ተራው ነው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። አይፈረድበትም፤ በዚያ አካባቢ አያት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሰፈሩ ነው።

ደብተሮቹን ማታ ማደሪያችን ውስጥ አነበብናቸው። በመጀመሪያው መስመር ገበሬ ይበዛል፤ የወሎ፣ የጎጃም፣ የጉራጌ፣ የሸዋ ገበሬ። ወታደርም፣ ሸማኔም፣ ጠላ ሻጭም አለ። በሁለተኛው መስመር ዘበኛ፣ የሚኒባስ ሾፌር፣ ግንበኛ፣ ደላላ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ «ዓረብ አገር ያለች» እናት። በሦስተኛው ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኳስ ተጫዋች፣ ቲክቶከር። መምህር እሆናለሁ ያለ ግን አንድም አላገኘንም። እውነቱን እንናገርና ከፋን። ከመካከላችን አንዷ «እኛስ ብንሆን በዚያ ዕድሜ መቼ ጻፍነው?» ስትል ሁላችንም ዝም አልን።

ከደብተሮቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አያቴ እዚህ ጤፍ ያርስ ነበር። አባቴ ዘበኛ ነው። እኔ ኢንጂነር ሆኜ ፎቅ እሠራለሁ።»

«እዚህ» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችን። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ እርሻው ወደ ከተማነት መለወጥ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ቦሌ አራብሳንና የካ አባዶን ዛሬ በኮንዶሚኒየም ተሞልተው ያየ ሰው፣ እዚያ በሬ ተጠምዶ ነበር ቢሉት አያምንም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ለአራሹ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር የመጠቀም መብት ሰጠ። ከተማው ሲደርስ ደግሞ ሌላ አዋጅ መጣ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ 1161 ስሌቱን ወደ 15 ከፍ አደረገው። እንግዲህ አስቡት፤ ማሳ ለልጅ ይወረሳል፣ ለልጅ ልጅም ያልፋል። የአሥር ዓመት ምርት ግን ሠርግ ሲደገስ፣ ቆርቆሮ ሲገዛ፣ የታመመ ሲታከም ያልቃል። ገንዘብ መያዝም እኮ የሚለመድ ሙያ ነው፤ ማን አስተማራቸው?

ታዲያ ይህ ቤተሰብ ወጣ ወይስ ወረደ? አራታችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አንዱ «አባትየው የወር ደመወዝ አለው፣ መብራት አለው፣ ልጁም በእግሩ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ወጥቷል» አለ። ሌላዋ «የሁለት በሬ ጌታ የነበረ ቤት፣ ልጁ የሰው በር ጠባቂ ሲሆን መውጣት ትሉታላችሁ?» አለች። የልጁ ዴስክ ተጋሪ ደግሞ እናቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ነገር ግን በ20/80 ተመዝግበው፣ ቆጥበው፣ ዕጣ ወጥቶላቸዋል። የራስ ቤት ስላላቸው ኪራይ አያሳድዳቸውም። በአንድ ዴስክ የተቀመጡትን ሁለት ልጆች የለያቸው የወላጆቻቸው ትጋት አይደለም፤ አንደኛው አዋጅ፣ ሌላኛው ዕጣ ነው።

የእኛንም እንናገር። የአንዳችን ሴት አያት ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ያ ዘመቻ ገና በሁለተኛው ዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል፤ ለአያትየው ግን ትልቁ ነገር በአውራ ጣት መፈረም መቅረቱ ነበር። ልጃቸው 12ኛን ጨርሶ መምህራን ማሰልጠኛ ገባና አስተማሪ ሆነ፤ በመንደሩ የመጀመሪያው። ያ አስተማሪ ልጁ ወደዚህ ተቋም ሲመጣ ግን አልመረቀውም። «በቤታችን እኔ አንዱ እበቃ ነበር» አለው። አነጋገሩ ዛሬም አልወጣልንም፤ አባትየው ሙያውን ይወዳልና። የጠላው የቤት ኪራዩን ነው።

ለልጁ ሦስተኛ መስመር የቀረው መንገድ ፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደረሱ። አልቤርቶ አሌሲናና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም፣ በአፍሪካ ያልተማረ ወላጅ ልጅ አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድሉ ዝቅተኛ ከሆነባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ይቆጥራታል። ግን ያው ጥናት፣ ልጅ በትንሽነቱ የተሻለ ዕድል ወዳለበት አካባቢ ሲሄድ ያ አካባቢ እንደሚያነሳው ያሳያል። አምስተኛ ክፍል ገና ትንሽነት ነው አይደል?

በደብተሩ ምን እንጻፍ? «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ ውሸት መሰለን፤ የፈተናውን ቁጥር መጻፍ ደግሞ ጭካኔ ነው። በመጨረሻ ሆሄውን አርመን፣ ከሥሩ በቀይ «ከፎቁ ለአያትህ የትኛውን ክፍል ትሰጣቸዋለህ?» ብለን ጠየቅን።

በማግስቱ ከቀዩ ሥር በእርሳስ መልሶ አገኘነው፦ «አያቴ ፎቅ አይወድም። ግቢ እተውለታለሁ፤ ጤፍ እንዲዘራበት።»