የፊርማ ናሙና

የባንክ ሠራተኛ ነኝ፡፡ ውሎዬ ከጠፍጣፋ ነገሮች ጋር ነው፤ ቼክ፣ ደብተር፣ ብር፣ ፊርማ . . . የመተማ ምድርም እንደዚያው ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ የለበሰ ሜዳ እስከ ጋላባት ማዶ ተዘርግቷል፡፡ ስለ ጥልቀት ማሰብ የጀመርኩት ታናሽ ወንድሜ የታመመ ጊዜ ነው፡፡

በሰሊጥ አጨዳ መካከል ተንቀጥቅጦ ወደቀ፡፡ ሙቀቱ ነው አልን፡፡ ሲደጋግመው እናታችን ጠበል ወሰደችው፤ እኔም ተከትዬ ሄጃለሁ፣ አላፍርበትም፡፡ በመጨረሻ ጎንደር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ደረስን፡፡ ከአንጎሉ በግራ በኩል፣ ንግግር ከሚፈልቅበት ስፍራ አጠገብ፣ ሎሚ የምታህል ዕጢ ተገኘች፡፡

ወጣቱ ሐኪም የኮምፒውተሩን መስኮት ወደ እኔ አዞረው፡፡ ተራ ራጅ ጥላ ብቻ ነው፤ የፊቱ ከኋላው ጋር ይደራረባል፡፡ በሽተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የተነሣበት ሲቲ ስካን ግን ራስን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ እየከፈለ ያሳያል፡፡ ኮምፒውተር ቁራጮቹን መልሶ ሲደራርባቸው ሙሉ ራስ ይሆናሉ፡፡ እነሆ፣ የወንድሜ ራስ በጣት ጫፍ ትእዛዝ እንደ እንስራ ይዞር ጀመር፡፡

«ዶክተር፣ በዚህ መንገድ ከዚህ በፊት ሄደውበታል?» አልኩት፡፡

«በወንድምዎ ራስ ውስጥ አልሄድኩም፡፡ ካርታውን ግን ብዙ ሌሊት አንብቤዋለሁ» አለኝ፡፡

ካርታ ያለው የአሜሪካዊውን ሐኪም የአልበርት ሮተንን ሥራ ነበር፡፡ እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንጎል ሥነ አካል ነው፡፡ የሙታንን የደም ሥሮች በቀለም ይሞላሉ፤ ቀዩን ለደም ወሳጅ፣ ሰማያዊውን ለደም መላሽ፡፡ ከዚያ አንዱን ስፍራ ካሜራውን ጥቂት ፈቀቅ እያደረጉ ሁለት ጊዜ ያነሡታል፡፡ ሁለቱ ምስሎች፣ በልዩ መነጽር ሲታዩ፣ ለየዓይናችን አንድ አንድ ይደርሳሉ፤ ጠፍጣፋውም ግድግዳ ወደ ውስጥ ይከፈታል፡፡ ተማሪው የትኛው ሥር ከየትኛው ነርቭ ሥር እንደሚያልፍ ቢላዋ ሳይነካ ያውቃል፡፡ ስብስቡ ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያል፡፡ (ግጥም የሚጽፍ ሰው በዚህ መቅናቱ አይቀርም፡፡)

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፡፡ ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት፡፡ ይህ ልጅ ግን እዚሁ ተምሮ እፊቴ ተቀምጧል፤ መምህሩም ከጎኑ ይቆማሉ፡፡

የስምምነቱን ቅጽ ሰጠኝ፡፡ እጄ ተንቀጠቀጠ፡፡ ያን ፊርማ ደንበኛ በመስኮቴ ቢያቀርብልኝ ኖሮ ሳላመነታ እመልሰው ነበር፡፡

ወንድሜ ተረፈ፡፡ ቀኝ እጁ ግን ደከም አለ፤ ቃላትም አንዳንዴ ይሸሹታል፡፡

በመጪው ዓመት ሰሊጡን ሸጦ ገንዘብ ሊያወጣ መጣ፡፡ ፊርማው በካርዱ ላይ ካለው ናሙና ጋር አልገጠመም፡፡ የእናቴ ልጅ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፤ አዲስ ካርድ ሰጠሁት፡፡ ቀስ ብሎ መጻፍ ጀመረ፡፡ መሐል ላይ ቀና ብሎ በእጁ የያዘውን አሳየኝና፣

«የዚህ . . . የዚህ ስሙ ማን ነበር?» አለኝ፡፡

«እስክሪብቶ» አልኩት፡፡

«እስክሪብቶ» አለና ስሙን ጨረሰ፡፡