ግማሽ ቃልና ረዳቱ

«ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ይላል ያገራችን ሰው። ብልህ የነገሩን ጫፍ ሲሰማ የቀረውን ራሱ ያሟላዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሌላውን ሰው ቃል ማሟላት ቀላል ሥራ አይደለም። በጥንቃቄ ከተሠራ ድካምን ይቀንሳል፤ በግምት ከተሠራ ግን ያልተባለውን እንደ ተባለ፣ ያልታሰበውን እንደ ታሰበ ያደርጋል። ስለዚህ ረዳት የሆነ ሁሉ እስከ ምን ድረስ መርዳት፣ የትስ ላይ ማቆም እንደሚገባው ማወቅ አለበት።

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ በዓባይ ዳር፣ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ባወረደው ደለል ጡብ ሲመረትበት የኖረ ቦታ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት ነበር። እንዲህ ባለው የስደት ሰፈር፣ አዲስ መጪው ዓረብኛውን ጀምሮ መጨረስ ሲያቅተው ቀድሞ የመጣ ያገሩ ሰው ያሟላለታል። ጉዳዩ የዳቦ ዋጋ መጠየቅ ከሆነ ስሕተቱ በቀላሉ ይታረማል። ወረቀት መሙላት ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በሱዳን ሰነድ ላይ እስከ ቅድመ አያት የሚደርስ አራት ስም መጻፍ የተለመደ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። የልደት ዘመኑም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለው። እንግዲህ ወረቀቱን የሚሞላው ረዳት አራተኛውን ስም ከራሱ ቢፈጥር፣ ዓመቱንም ሳይጠይቅ ቢያዛውር፣ ባለጉዳዩ በማያውቀው ስምና በማያውቀው ዕድሜ ተመዝግቦ ይቀራል። ቅን ረዳት ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘም ቦታውን ባዶ ይተወዋል።

ይኸው ሕግ በኮምፒዩተር ውስጥ ላለ ረዳትም ይሠራል። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። በዚህ ሥርዓት ተጠቃሚው ትእዛዙን በፊደል ይጽፋል፤ የተጻፈውን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል። ረጃጅም ስሞችን ሁልጊዜ በሙሉ መጻፍ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ለስሕተት ያጋልጣል። በመሆኑም ተጠቃሚው ጥቂት ፊደል ጽፎ ታብ የተባለውን ቁልፍ ሲነካ የቀረውን የሚያሟላ ዘዴ ተፈጠረ። ብራየን ፎክስ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ባሽ የተባለው ሼል ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው 2.04 እትሙ ደግሞ፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚስማማውን አሟይ ተጠቃሚው ራሱ እንዲጽፍለት አስቻለ። ይህ አሟይ ፈንክሽን ይባላል፤ አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ተጽፎ ስም የተሰጠው የፕሮግራም ክፍል ማለት ነው።

የአሟዩ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ታብ በተነካ ጊዜ ሼሉ ለፈንክሽኑ ሦስት ነገሮችን ይነግረዋል፤ እነርሱም የትእዛዙ ስም፣ የተጀመረው ቃልና ከእርሱ በፊት ያለው ቃል ናቸው። ፈንክሽኑ ከጅማሬው ጋር የሚገጥሙትን ስሞች ሰብስቦ በዝርዝር ይመልሳል። ለዚህም ትንንሽ ረዳቶች አሉት። አንዱ የፋይሎችን ስም፣ ሌላው የማኅደሮችን፣ ሌላውም በኔትወርክ የታወቁ ኮምፒዩተሮችን ስም ይሰበስባል። እነዚህ ረዳቶች አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተጻፉ ብዙ አሟዮች ይገለገሉባቸዋል።

ለምሳሌ በአንድ ማኅደር ውስጥ «ማመልከቻ-ለቀበሌ» እና «ማመልከቻ-ለትምህርት» የተባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ እንበል። ተጠቃሚው «ማመ» ብሎ ታብን ሲነካ ሼሉ «ማመልከቻ-ለ» እስከሚለው ድረስ ይሞላና ይቆማል። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ይለያያል። ታብ እንደገና ሲነካ ሁለቱንም ስሞች ያሳያል እንጂ አንዱን አይመርጥም። ተጠቃሚው «ት» ብሎ ቢጨምር የቀረውን ያሟላል። የሚገጥም ስም ከሌለ ደግሞ ዝም ይላል፤ የሌለ ስም አይፈጥርም።

ይህ ዝምታ በእኛ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 እትም ከተካተተ ወዲህ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን «ሰ» እና «ሠ» ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ሠራተኞች» ብሎ ያስቀመጠውን መዝገብ ሌላው «ሰራ» ብሎ ቢፈልገው አያገኘውም። መዝገቡ የለም ብሎ አዲስ ይከፍታል፤ ከዚያም የሠራተኞቹ ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንደኛው ያለው በሌላው ይጠፋል። አሟዩን የሚጽፍ ሰው ግን ለዚህ መፍትሔ አለው። በፍለጋው ጊዜ ብቻ «ሠ»ን እንደ «ሰ»፣ «ዐ»ን እንደ «አ»፣ «ፀ»ን እንደ «ጸ» እንዲቆጥር ማድረግ ይችላል። ስሙን ሲመልስ ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው መመለስ ይኖርበታል። «አርሜዋለሁ» ብሎ ፊደሉን ቢለውጥ በዚያ ስም የሚጠራ ፋይል አይኖርምና።

ከዚህ ሌላ ታላቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ታብ መጠየቂያ ነው፤ ኢንተር ደግሞ ማዘዣ ነው። ተጠቃሚው ታብን የሚነካው ገና በማሰብ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ አሟዩ ፈንክሽን አይቶ ይናገራል እንጂ ፋይል አይሰርዝም፣ ስም አይለውጥም፣ መልእክት አይልክም። በተለይ ትእዛዙ ፋይል የሚሰርዝ በሚሆንበት ጊዜ የቀረበውን ስም አንብቦ ኢንተርን መንካት የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። በዩኒክስ የመሰረዣ ትእዛዝ የጠፋ ፋይል እንደ ዋዛ አይመለስም፤ «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ላይ እንኳ አይሠራም፤ የፈሰሰው የሚለቀምበት መንገድ አይገኝምና።

እንግዲህ የመልካም ረዳት ጠባይ በሰውም ሆነ በፕሮግራም አንድ ነው። ያለውን ያሳያል፤ የሌለውን አይፈጥርም፤ ነገሩ ሁለት ሲሆንበት ቆሞ ይጠይቃል። ቃሉን የጀመረው ሰው በቃሉ ለሚመጣው ነገር ተጠያቂ ነውና፣ የመጨረሻው ፊደል ለእርሱ ሊተውለት ይገባል።